ተቀባይ ያለው ባንድ

እ.ኤ.አ. በ1980 ሦስት የሮክ ባንዶች ሰው ሞተባቸው። የካቲት ላይ የኤሲ/ዲሲው ድምፃዊ ቦን ስኮት ሞተ፤ ባልደረቦቹ ብራያን ጆንሰንን አስገቡና በአምስት ወር ውስጥ «ባክ ኢን ብላክ»ን አወጡ፤ በዓለም እጅግ ከተሸጡት አልበሞች አንዱ ሆነ። ግንቦት ላይ የጆይ ዲቪዥኑ ኢያን ከርቲስ ራሱን አጠፋ፤ ቀሪዎቹ ስማቸውን ጥለው ኒው ኦርደር ተባሉ። መስከረም ላይ ደግሞ የሌድ ዜፔሊኑ ከበሮ መቺ ጆን ቦንሃም አረፈ፤ ሦስቱ ጓደኞቹ ዓመቱ ሳያልቅ በአንድ አጭር መግለጫ በቃን አሉ። አንዱ ተካ፣ አንዱ ስም ቀየረ፣ አንዱ በሩን ዘጋ።

የሮክ ወዳጆች ከሦስቱ ማን ልክ እንደነበረ ሲከራከሩ ይኸው አርባ ዓመት አለፋቸው። ክርክሩ ይጥማል፤ እኔም ገብቼበት አውቃለሁ። ነገር ግን «ባንድ አባሉን አጥቶ ይኖራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ገና ከመጠየቁ አንድ ነገር አምኖ የመጣ ይመስለኛል። ባንድ ማለት ስማቸው የታወቀ አራት አምስት ሰዎች ናቸው ብሎ አምኗል።

የእኛ ባንዶች ግን እንዲያ ሆነው አልተወለዱም። የክቡር ዘበኛ ነበሩ፣ የፖሊስ፣ የምድር ጦር፣ የማዘጋጃ ቤት። የክቡር ዘበኛ መለከት ነፊ ከሁሉ በፊት ወታደር ነው፤ ቢታመም፣ ቢከዳ ወይም ጡረታ ቢወጣ ሌላ ይመደብበታል። ሲቪል የሆኑት ባንዶችም ቢሆኑ የናይት ክለብና የሆቴል ነበሩ። ጊታሩ፣ ከበሮው፣ ማጉያው የባለቤቱ ንብረት ነው። ሙዚቀኛው እጁን ይዞ ይመጣል፣ ሲጣላ እጁን ይዞ ይወጣል፤ ማታ ሌላ ሰው ያው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ጠጪው ልዩነቱን ልብ አይልም፣ ባለቤቱም እንዲያ እንዲሆን ነው የሚፈልገው። እንዲህ ያለ ባንድ አባል በማጣት አይሞትም፤ ለመነሻውም አባል ኖሮት አያውቅምና። ያለው የሥራ መደብ ነው።

ዋልያስ ባንድ ከዚህ ሥርዓት ለመውጣት የተነሡ ሰዎች ነበሩ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከክለብ ክለብ እየሠሩ የራሳቸውን መሣሪያ ገዙ። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ጊታሩ የራሱ የሆነ ሙዚቀኛ ከክለቡ ባለቤት ጋር የሚነጋገርበት ድምፅ ሌላ ነው። በኋላ አዲስ አበባ ሂልተን ገቡ። ደርግ ሰዓት እላፊ ሲያውጅ ማታ የገባው እንግዳ እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል ባንዱም እስኪነጋ ይጫወት ነበር። ኦርጋኑ ላይ ኃይሉ መርጊያ፣ ፒያኖው ላይ ግርማ በየነ፣ ሳክስፎን ሞገስ ሀብቴ፣ ትራምፔት ዮሐንስ ተኮላ፣ ቤዝ መላከ ገብሬ፣ ድራም ተማረ ሐረጉ። በ1977 ካይፋ ያሳተመላቸው «ቼ በለው» የሚባለው ሸክላ ከሞላ ጎደል ዘፋኝ የለበትም። ቃል ከሌለ ሳንሱር የሚቆርጠው ነገር ያንሳል፤ ከዚህም በላይ ግን ዘፋኝ የሌለበት ሸክላ የአጃቢዎቹን ስም ከተራ ጽሑፍ ወደ ርዕስ ያወጣል። ግርማ በየነ የደረሰው «ሙዚቃዊ ስልት» እዚያ ሸክላ ላይ ነው ያለው፤ ዛሬ አማርኛ ሰምተው የማያውቁ የውጭ ባንዶች ይጫወቱታል።

በ1981 ዋልያስ ድምፃውያኑን ማሕሙድ አህመድንና ጌታቸው ካሣን ይዞ አሜሪካ ገባ። ዙሩ ሲያልቅ ኃይሉ፣ ግርማ፣ ሞገስና መላከ እዚያው ቀሩ። ዮሐንስና ተማረ አገራቸው ተመለሱ።

ከኤሲ/ዲሲ ይልቅ ይህ የከበደ ጥያቄ ነው። የሞተ ሰው የለም፤ የተጣላ ሰው ስለመኖሩም የሚወራ ነገር የለም። አውሮፕላን ላይ የወጡና ያልወጡ ሰዎች ብቻ ናቸው ያሉት። አዲስ አበባ የገቡት ሁለቱ «አራት ጎደለብን» ቢሉ እውነታቸውን ነው፤ ዋሽንግተን የቀሩት አራቱ «ሁለት ጎደለብን» ቢሉም እውነታቸውን ነው። ታዲያ ዋልያስ የትኛው ነው? አብዛኛው ሰው ያለበት? ሂልተን ያለበት? ወይስ አድማጩ ያለበት? አሜሪካ ከቀሩት አንዳንዶቹ ዙላ የሚባል ባንድ አቋቋሙ፤ ስሙን እንኳ ይዘው አልቀጠሉም። አገር የገቡት በየፊናቸው ሥራ ያዙ። እንግዲህ ማንም ሳይገድለው፣ ማንም «አበቃ» የሚል መግለጫ ሳያወጣ፣ ዋልያስ በሁለት አህጉር መካከል ቀረ።

ፈላስፎች እዚህ ላይ የቴሴየስን መርከብ ያመጣሉ። ጣውላዎቿ አንድ በአንድ የተቀየሩባት መርከብ ያችው መርከብ ናት ወይ? የተጣሉትን አሮጌ ጣውላዎች ሰብስቦ ሌላ መርከብ የሠራ ቢኖርስ? ሆብስ ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ሲጨምር ዋልያስን የሚያውቅ ይመስላል። ሆኖም ምሳሌው ለባንድ አይሆንም። ጣውላ ጎኑ ያለውን ጣውላ አይሰማም። ባንድ ውስጥ ያለ ሰው ግን ከጎኑ ያለውን እየሰማ ነው የተሠራው፤ ሃያ ዓመት ከአንድ ድራመር ጋር የሠራ ቤዝ ተጫዋች ድራመሩ ቢሄድም የድራመሩ ግማሽ ጣቱ ላይ ይቀራል። ጥያቄው ስንት ጣውላ ቀረ ሳይሆን፣ በቀሩት ውስጥ የሄደው ምን ያህል አለ የሚል ነው።

ይህን ያሰብኩት ሙዚቃ ቤት ቁጭ ብዬ አይደለም። የሰንበቴ ሰው ነኝ፤ ያሰብኩት መንዙማ ስሰማ ነው።

ሰንበቴን ለማያውቅ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትወጡ ጣርማ በርን ወርዳችሁ፣ ሸዋ ሮቢትን አልፋችሁ፣ ከሚሴ ሳትደርሱ ያለች ከተማ ናት፤ የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ መቀመጫ። እሑድ ገበያዋ ነው። አፋሩ ግመሉን ይዞ ከቆላው ይመጣል፣ አርጎባው ሸማውን፣ ኦሮሞውና አማራው ማሽላውን፣ ጤፉንና ከብቱን። እሑድ ሰንበቴ የዋለ ነጋዴ ሰኞ ባቲ ነው። ገበያው መሐል ሚሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭኑ ልጆች ሱቆች አሉ። አንዱ የኦሮምኛ ዘፈን ይከፍታል፣ ጎረቤቱ መንዙማ፣ ሦስተኛው በባቲ ቅኝት የተዘፈነ የድሮ ካሴት። ሦስቱም ስፒከር ወደ አንድ መንገድ ነው የዞረው። ለለመደው ጆሮ አይረብሽም።

መንዙማ እንግዲህ እንዲህ ነው። በወሎ፣ ወዳጃ በሚባለው የዱዓ ስብስብ ላይ ጀማው ክብ ሠርቶ ይቀመጣል። ቡናው ይፈላል፣ ጫቱ ይመረቃል። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ድቤው ይመታል። አውጪው የግጥሙን መስመር ሲያወርድ ጀማው አዝማቹን ይመልስለታል፤ እንዲህ እየተባባለ ሌሊቱ ይገፋል። ላየው ሰው አንድ መሪና ብዙ ተከታይ ይመስላል። ቀረብ ብሎ ለሰማ ግን አይደለም።

አንድ ሌሊት ያወጡ የነበሩት ሽማግሌ ድምፃቸው ከዳቸው። መስመሩ መሐል ላይ ተሰነጠቀ፤ ሳል መጣ። ማንም ቀና ብሎ አላየም። ጀማው የተለመደውን አዝማች ሁለት ጊዜ መለሰው፤ ሁለተኛውን ጎተት አድርጎ፣ ድቤውም አብሮት ለዘብ ብሎ። ያ የመተንፈሻ ጊዜ ነበር። ሽማግሌው አልተነሡም። ያን ጊዜ ከግራቸው ተቀምጦ ሌሊቱን ሙሉ ሲቀበል ያመሸ ጎልማሳ የተቋረጠችውን መስመር ከተቋረጠችበት አነሣትና አወረዳት። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ከተቀባዮቹ ጋር መቀበል ጀመሩ። ዜማው አልተሰበረም። ያ ጎልማሳ ያን ሌሊት የተማረው ነገር የለም፤ ለዓመታት ሲቀበል ሙሉውን ሲይዝ ኖሯል። ይህን ስላየሁ ነው ተቀባይነትን ከአውጪነት አሳንሼ የማላየው።

መንዙማው የማን ነው ብትሉ፣ ከሚወጡት ግጥሞች ብዙዎቹ የደረሷቸው ሰዎች ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗል። ሼህ ጣልሃ ጃዕፈር ከሞቱ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆነ። በጌታ፣ በዳና፣ በጀማ ንጉሥ ያስተማሩ ሼሆች ከዚያም ይርቃሉ። አውጪው ሞቷል፤ የአውጪው አውጪ ሞቷል። ነገሩ ግን አልተበተነም። ምክንያቱ የሃይማኖት ጽናት ብቻ ነው ብል አሳንሰዋለሁ፤ አሠራሩም ራሱ ነው። ከዚያ ክብ ውስጥ ሙሉው ዜማ በአንድ ሰው ላይ ብቻ ያለበት ጊዜ የለም። በዚህም ላይ፣ ሟቹ አይረሳም። በዱዓው ላይ ስሙ ይነሣል፣ ጀማው አሚን ይላል፤ ከዚያ ወደ ዜማው ይመለሳል።

ባቲም እንዲሁ ነው። ሰንበቴ ባለችበት ዞን ያለች የሌላ ከተማ ስም በአገሪቱ አራት ዋና ቅኝቶች በአንዱ ላይ አለ። መጀመሪያ ማን መሰንቆውን በባቲ እንደቃኘ የሚያውቅ የለም፣ ማንም ተጫዋች ሲሞት ደግሞ ቅኝቱ አልተቀበረም። ድምፃዊቷ ማሪቱ ለገሰ ከደሴው ላሊበላ ኪነት ወጥታ አሜሪካ ስትሄድ የወሎ ዜማ ጎደለ፤ እውነት ነው፣ ያጎደለችውን ድምፅ የሞላ የለም። ዜማው ግን ሠርግ ቤቱ ውስጥ ነበር።

ሙዚቀኛ ወዳጄ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። «አዝማች መቀበል ሌላ፣ ቤዝ ጊታር ሌላ» አለኝ። «የአንድ ድራመር እጅ በሃያ ዓመት ነው የሚሠራው፤ ያንን በመስማት ብቻ ማን ይይዘዋል?» ነገሩ እውነት አለበት። ሮክ ባንድ የሥራ ክፍፍል ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ይዟል። መንዙማው ክብ ነው፣ ባንዱ ሰንሰለት።

ግን የሮሊንግ ስቶንስን ነገር እንየው። ቻርሊ ዋትስ ከ1963 ጀምሮ ድራመራቸው ነበር፤ ነሐሴ 2021 ሞተ። በማግሥቱ ወር ባንዱ ሴንት ሉዊስ ላይ ወጥቶ ተጫወተ። ብዙ ሰው «እንዴት አንጀታቸው ቻለ?» አለ። እኔ ደግሞ ማን ተቀመጠ ብዬ ነበር ያየሁት። ስቲቭ ጆርዳን ነው። ይህ ሰው ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከጊታሪስቱ ኪት ሪቻርድስ ጋር ሌላ ባንድ ውስጥ ሲሠራ የኖረ ነው። ዋትስ ደግሞ እንደ ሌሎች ድራመሮች ባንዱን የሚመራ አልነበረም፤ የሪቻርድስን ጊታር እየተከተለ ነበር የሚመታው፤ ባልደረቦቹም ያ ነው ልዩ የሚያደርገን ይሉ ነበር። እንግዲህ ጆርዳን የዋትስን ወንበር ከመያዙ በፊት ዋትስ የሚሰማውን ጊታር ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰምቷል። በሕመሙ ሰሞን ቦታውን ሲይዝለት ዋትስ ራሱ ያውቅ ነበር። ከግራ ተቀምጦ ሲቀበል የነበረ ሰው መስመሯን አነሣ። ቦን ስኮትም በሕይወት ሳለ የብራያን ጆንሰንን አዘፋፈን ለጓደኞቹ አድንቆ ነበር። ሌድ ዜፔሊን እንኳ በታኅሣሥ 2007 ለአንድ ሌሊት ለንደን ላይ ሲሰበሰብ ድራሙ ላይ የተቀመጠው ጄሰን ቦንሃም ነው፤ ልጁ። በየቤቱ ተቀባይ ነበረ። ሌድ ዜፔሊን አልቀጠለም፤ ጄሰን ግን አባቱ ሲሞት ገና ልጅ ነበር። ተቀባዩ ሳይደርስ አውጪው ከሄደ በር መዝጋት ነውር የለውም፤ እንዲያውም ጨዋነት ነው። ከሦስቱ የ1980 መልሶች የትኛው ልክ ነበር ብትሉኝ፣ ሦስቱም እንደ ተቀባያቸው ልክ ነበሩ እላለሁ።

እዚህ ላይ ግን አንድ አደጋ አለ። «ሁሉም ሙሉውን ይያዝ» ካልን ሰውን ተለዋጭ ዕቃ ወደ ማድረግ እንዳንሄድ። ሁሉም ሁሉን የሚተካበት ባንድ ያለው የሆቴሉ ባለቤት ጋ ነው፤ መጀመሪያ ያልኩት የሥራ መደብ ነው። የዚህም መጨረሻ ታይቷል። በ1980ዎቹና ከዚያ በኋላ አንድ ኪቦርድና አንድ ሪትም ማሽን ሙሉ ባንድ ሆኑ። ማሽኑ አይታመምም፣ አሜሪካ ሄዶ አይቀርም፣ ደመወዝ ይጨመርልኝ አይልም። አባል የማያጣ ባንድ ተገኘ ማለት ነው። ነገር ግን ዘፋኙ ትንፋሽ ሲያጥረው ማሽኑ ለዘብ አይልለትም። የሽማግሌው ሳል በማሽን ዜማ መሐል መጥቶ ቢሆን ማሽኑ ጥሏቸው ይሄድ ነበር። የማይጎድልበት ነገር የሚቀበልም ነገር የለውም።

ሮሃ ባንድ የዚህ ተቃራኒ ነበር። ከሰዎቹ ብዙዎቹ ራስ ሆቴል ይጫወት ከነበረው አይቤክስ ባንድ የመጡ ናቸው፤ ከማሕሙድ ጋር «ኧረ መላ መላ»ን በ1975 የሠራው ያው አይቤክስ ነው። ቤዝ ጆቫኒ ሪኮ፣ ጊታር ሰላም ሥዩም፣ ሳክስፎን ፈቃደ አምደመስቀል፣ ኪቦርድ ዳዊት ይፍሩ። በደርግ ዘመን ካሴት ከፍታችሁ ማሕሙድን፣ አስቴርን፣ ኤፍሬምን፣ ነዋይን ስትሰሙ ብዙውን ጊዜ ከጀርባ ያሉት እነዚሁ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ሕዝቡ ግን የሚያውቀው የዘፋኙን ፊት ነው። ስለዚህ ሰላም ሥዩም ወደ አሜሪካ ሲሄድ «ሮሃ ጊታሪስቱን አጣ» ብሎ ያለቀሰ አድማጭ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። ለቅሶው ሳይታወቅ መጣ። በ1990ዎቹ ካሴት እየከፈተ «የዘንድሮ ዘፈን ምን ነካው? የድሮው ለዛ የት ሄደ?» ያለ ሁሉ ስሙን ሳያውቅ አንድ ጊታር፣ አንድ ቤዝ፣ አንድ ድራም እየናፈቀ ነበር። ባንዱን ሳናውቀው ነው ያጣነው። አባል ማጣትን ለመቋቋም አባል እንደነበረ ማወቅ ይቀድማል፤ የሮክ አድማጭ በዚህ ይበልጠናል፤ ከበሮ መቺውን በስም ያውቃል፣ ሲሞት ያዝንለታል። ጃኖ ባንድ በ2012 «ኤርታሌ»ን ይዞ ሲመጣ አንዱ አዲስ ነገሩ ይህ ነበር፤ አራት ድምፃውያን ፊት ለፊት ቆመው፣ ጊታሪስቱና ድራመሩም ከጥላው ወጥተው፣ በአንድ ስም ተጠሩ። ሮክ መሆኑን የወደደውም ያልወደደውም ባንድ መሆኑን አየ።

አሁን ጥያቄውን ልገልብጠው። እስካሁን ባንድ ያለ አባሉ ይኖር እንደሆነ ነበር የጠየቅነው። አባሉስ ያለ ባንዱ ይኖራል?

ኃይሉ መርጊያ በ1946 ደብረ ብርሃን አካባቢ የተወለደ ነው፤ ከእኛው መንገድ ላይ። ባንዱ አሜሪካ ላይ ከቀረ በኋላ ዙላም ሲበተን ታክሲ ነጂ ሆነ፤ ዋሽንግተን አጠገብ ደለስ አየር ማረፊያ ወረፋ እየጠበቀ። ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ነበረው። ተሳፋሪ እስኪመጣ አውጥቶ ይለማመዳል። ይህ ታሪክ በየጋዜጣው ስለተወራ የታወቀ ነው። እኔን የሚደንቀኝ ከዚያ በፊት በ1985 የሠራው ነው። ስቱዲዮ ገብቶ ልጅ ሆኖ የለመደውን አኮርዲዮን አነሣ፤ ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ከያማሃ ዲኤክስ ሰባት ጋር አደረገው፤ ድራሙን ለሪትም ማሽን ሰጠው፤ ሁሉንም ራሱ ተጫውቶ «ሸሞንሟናዬ»ን አወጣ። ዋልያስ ከሌለ ዋልያስን ብቻውን ተጫወተው። ስለ ማሽኑ ያልኩትን አላጥፍም፤ ግን እዚያ ካሴት ላይ አኮርዲዮኑ ማሽኑን አይከተልም። ዘግየት ይላል፣ ቀደም ይላል፣ ቦታ ይተዋል፤ ከጎኑ የሌለ ሰው መልስ እስኪሰጠው የሚጠብቅ ይመስላል። ሙሉው ባንድ በአንድ ሰው ውስጥ ሊኖር እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። አውጪና ተቀባይ የሆነ አንድ ሰው።

ግርማ በየነ ሌላ ነው። በዚያው ባንድ፣ በዚያው ጉዞ፣ በዚያው አገር የቀረ ሰው፤ እሱ ግን ሙዚቃውን ለረጅም ዓመታት ተወው። «ሙዚቃዊ ስልት»ን የደረሰ እጅ ፒያኖ ሳይነካ ከርሟል። በመጨረሻ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ በ2017 ደግሞ የፈረንሳዮች ባንድ ከሆነው አካሌ ውቤ ጋር አልበም ሠራ። እነዚያ የፓሪስ ልጆች ተወልደው ያደጉት ከሂልተን በሺህ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቀው ነው። ዋልያስን መድረክ ላይ አላዩም፤ ሸክላውን ሰሙ፣ ደጋገሙ፣ አዝማቹን ለዓመታት ተቀበሉ። ሽማግሌው ሲመጡ ክቡ ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ዝምታ የበላውን ሰው የመለሰው ሌላ አገር የበቀለ ተቀባይ ነው።

እኔ ከሁለቱ ማን ተሻለ አልልም። ኃይሉ ባንዱን ውስጡ ይዞት ሄደ፤ ግርማ ሌሎች ውስጥ ትቶት ሄደ። በሁለቱም መንገድ ዋልያስ አለ፤ በስሙ ግን የለም። ስሙ ቢኖርና እነዚህ ባይኖሩ ይሻል ነበር የሚል ካለ አልስማማም። በዓለም ላይ ስማቸውን ይዘው ዓመት ዓመት የሚዞሩ፣ ከመሥራቾቻቸው አንድ ሰው ያልቀረባቸው ባንዶች አሉ፤ ትኬታቸው ይሸጣል፣ ሕጋዊ ናቸው። የስም ባለመብት ናቸው እንጂ ተቀባይ መሆናቸውን የሚያረጋግጥልኝ የለም።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ባንድ አባሉን አጥቶ መኖር የሚችለው ሁለት ነገር ሲሟላለት ነው። የሄደው ሰው ሳይሄድ የሰማው፣ ዜማውን ሙሉ ለሙሉ የያዘ ሰው ከጎኑ መኖር አለበት፤ የሄደው ሰው ስም ደግሞ ሲጠራ መቆየት አለበት። የመጀመሪያው ከሌለ ይበተናል። ሁለተኛው ከሌለ ይቀጥላል፣ ግን የሥራ መደብ ሆኖ ይቀጥላል። እኛ አገር የመጀመሪያውስ አለ፤ ባቲን የሚይዝ ልጅ ሞልቷል። የሚጎድለን ሁለተኛው ነው።

ኃይሉ መርጊያ ከታክሲው ወደ መድረክ የተመለሰው እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል፣ የአፍሪካ ካሴት የሚሰበስብ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ሄዶ ከአንድ ሙዚቃ ቤት አሮጌ ካሴቶች መካከል «ሸሞንሟናዬ»ን አገኘ። ሽፋኑ ላይ ስም ነበረበት። በስሙ ፈልጎ ሰውየውን አገኘው፤ በ2013 ካሴቱን መልሶ አሳተመው፤ ኃይሉም በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ላይ ወጣ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም ጨመረ። ሽፋኑ ተቀዶ ቢሆን፣ ወይም ዘፈኑ ያለ ስም ወደ ፍላሽ ተጭኖ ቢሆን፣ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር።

ሰንበቴ ገበያ ያሉትን ሚሞሪ ጫኝ ልጆች ጠይቄያለሁ። ካሴቱን ወደ ስልክ ሲገለብጡ የሚጽፉት የዘፋኙን ስምና የዘፈኑን ስም ነው፤ አንዳንዴ «የድሮ 14» ብቻ። አጃቢው ባንድ፣ ጊታሪስቱ፣ አቀናባሪው ከሽፋኑ ጋር ይጣላሉ። በዚህ ልጆቹ አይወቀሱም፤ የሚጠይቃቸው ደንበኛ የለም።

ስለዚህ ከሚሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ደሴም ሆነ ዋሽንግተን፣ ከአልጋ ሥር በካርቶን የድሮ ካሴት ያላችሁ ሰዎች፦ ካሴቱ ቢበላሽ እንኳ ሽፋኑን አትጣሉ። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ከጀርባ ያለውን ጥቃቅን ጽሑፍ ጭምር። ዘፈኑን ስታስጭኑ ልጁን «የአጃቢዎቹንም ስም ጻፍበት» በሉት። ባንዱ በሕይወት ያሉ አባላት ያሉት ከሆነ ደግሞ ደውሉላቸው፤ ብዙዎቹ ስልክ ያነሣሉ።